የዋሴ ልዩ ምልክት

ዋሴ ሲወለድ ማርያም ስማዋለች አሉ። ልክ ናቸው፤ ችግሩ ስማ ስማ አልጠግብ ማለቷ ነው። ከግንባሩ እስከ ውስጥ እግሩ ቡናማ ነጥብ ያላረፈበት ቦታ ቢፈለግ አንዲት የጤፍ ፍሬ አያስቀምጥም። ከእርሱ በኋላ ደባርቅ ላይ የተወለዱ ልጆች ምልክት ያጡት እርሱ ላይ ስላለቀ ነው ይባል ነበር። እርሱ ግን አይከፋውም። «እኔ እኮ የተሳምኩ ነኝ» ይላል።

አድጎ ሊማሊሞ ላይ ናዳ ጠራጊ ሆነ። ገደሉ ጠዋት ድንጋይ ያወርዳል፣ ዋሴና ባልደረቦቹ እስኪመሽ ያነሳሉ፣ በማግስቱ ገደሉ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚያ ፀሐይ ሃያ ዓመት ሸሚዙን አውልቆ ሠራ።

በ1970 ዓ.ም. የቀበሌ መታወቂያ መጣ። ፎቶ አንሺው ከጎንደር እስኪደርስ (ሰውዬው እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ነው) በፎቶው ፈንታ «ልዩ ምልክት» ይጻፍ ተባለ። ሊቀመንበሩ ጓድ ክንዴ ዋሴን መሀል ሜዳ አቁሞ እንደሚገዛ በሬ ዞረው። ሌሎቹ ነጥቦች ክብ ክብ፣ አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው። ከቀኝ ጆሮው ሥር ያለችው ግን ጠርዟ የተበላ፣ ግማሿ ጥቁር፣ ግማሿ ቀላ ያለ ነው።

«ይቺ ከወንድሞቿ ጋር አትመሳሰልም። ይቺው ትጻፍ!» አለ ክንዴ።

ጸሐፊው «ምስር የምታክል» ብሎ ጻፈና ማኅተም አደረገባት። የዋሴን ገላ እንደ ጓድ ክንዴ አጥብቆ የመረመረ ሐኪም እስከዚያ ቀን አልነበረም።

በዓመቱ ድንጋይ ጣቱን ጨፈለቀውና ጤና ጣቢያ ሄደ። ድሬሰሩ ያርጋል ጣቱን እያሰረ ዓይኑ የዋሴ ጆሮ ሥር ተተከለ።

«ይቺ ድሮም እንዲህ ነበረች?»

«ማርያም የሳመችኝ ናት፣ ዶክተር።»

«ማርያም ስትስም አታደማም። ስማኝ ዋሴ፤ ሁሉም ነጥብ አይገድልም፤ አብዛኛው አብሮህ ያረጃል። ግን ብዙ ነጥብ፣ ያውም መልኩ የተዘበራረቀ ነጥብ ያለበት ሰው ብዙ በር እንዳለው ቤት ነው፤ ሌባው በየት እንደሚገባ አይታወቅም። እያዩ መጠበቅ ነው። ከሰፋች፣ መልኳ ከተለወጠ፣ ከደማች ግን መጠበቅ የለም። ያንተዋ ደምታለች፤ ጎንደር ሂድና ቆርጠው ያውጡልህ። አሁን ከሆነ ትድናለህ።»

ዋሴ «ትድናለህ»ን ይዞ ቀበሌ ሮጠ፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ጎንደር የሚወስድ መንገድ የለማ።

«ምልክትህን ልታስቆርጥ?» አለ ክንዴ። «ታዲያ አንተ መሆንህን በምን እናውቃለን?»

«በስሜ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ስምማ ፀረ አብዮተኛውም አለው!»

ነገሩ ለበላይ አካል ተጻፈ። በአምስተኛው ወር «ምስር የምታክል ምልክት ያለበት ሰው እንዲያልፍ ተፈቅዷል» ተብሎ ተመለሰ። ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አየ፣ ጆሮውን አየ።

«አንተ! ይሄ ምስር ነው? ይሄ ሽምብራ ነው! የማንን ወረቀት ነው የያዝከው?»

እንደገና ተጻፈ፤ «ሽምብራ የምታክል»። ስምንት ወር ቆየ። ሲመለስ ወታደሩ «ይሄማ በቆሎ ነው፤ ትቀልዳለህ?» ብሎ ወደ መጣበት ነዳው።

ሦስተኛው ላይ ዋሴ ብልጥ ሆነ።

«ባቄላ በለው» አለው ጸሐፊውን።

«ገና ባቄላ አልሆነችም እኮ!»

«ወረቀቱ እስኪመለስ ትደርስበታለች።»

ጸሐፊው እስኪያነባ ሳቀ። ዋሴም ሳቀ፤ የሳቀው ደም የነካው ጨርቅ ጆሮው ሥር እንደያዘ ነው።

ግምቱ ዝንፍ አላለም። ወረቀቱ ሲመጣ ነጥቧ ልክ ባቄላ ሆና ጠበቀችው። ወታደሩ አመሳከረና «እንዲህ ነው የሰው ወረቀት!» ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው።

የጎንደሩ ሐኪም ነጥቧን ብዙም አላያት። ጣቱን የዋሴ አንገት ላይ አሳረፈ፤ እንደ ጠጠር የደረቁ እብጠቶች ተደርድረዋል።

«ምስር ሳለች ብትመጣ በዚያው ቀን ቆርጬ እሸኝህ ነበር። አሁን ወደ ውስጥ ገብታለች።»

«መጥቼ ነበር እኮ፣ ጌታዬ። ኬላው ድረስ።»

ሐኪሙ ጣቱን ከአንገቱ ላይ አነሳ። «ልጅ አለህ?» አለው።

«አንዲት ሴት አለችኝ፣ ስጦታ የምትባል።»

«እንዳንተ ነጥብ ይበዛባታል?»

«የኔን ግማሽ ያህል።»

«በዘር የሚወርድበት ጊዜ አለ። አምጣት፤ ሳትዘገይ።»

እንደተመለሰ ልጁን ፀሐይ ላይ አቁሞ ገላዋን አንድ በአንድ አየ። ትከሻዋ ላይ ያለችው ጠርዟ ተዛብቷል። ቀበሌ ዝር አላለም። ቅዳሜ ከዳባት ገበያተኛ ጋር ተቀላቅለው፣ ኬላውን በእርሻ ለእርሻ ዞረው፣ ሦስት ቀን በእግራቸው ሄዱ። አንገቱ አልዞር ብሎት ስለነበር ወታደር መምጣት አለመምጣቱን ዞራ የምታይለት እሷ ነበረች።

ሐኪሙ አደነዘዘ፣ ቆረጠ፣ ሰፋ፣ በፋሻ ሸፈነ። «በጊዜ ነው የመጣችው» አለ እጁን እየታጠበ።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለ ዋሴ።

«ይኸው ነው።»

ዋሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነው ነገር ልጁ አንድ ዳቦ በልታ እስክትጨርስ እንኳ አልፈጀም። እሱ ራሱ ግን ለፍልሰታ በሕይወት አልደረሰም።