ዩሱፍ ከውጭ ሲመለስ

ለወጣቶች ብሔራዊ ቡድን የተመረጠው የልጅ ልጄ አዲስ የኳስ ጫማውን ከካርቶን ሲያወጣ፣ የቆዳው ሽታ በጃንሆይ ዘመን ወደማውቀው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ መለሰኝ።

የባለሱቋ ጎረቤታችን የእማማ አሻ ልጅ ዩሱፍ፣ ከወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር ውጭ አገር ተጫውቶ፣ ተሸንፎ መመለሱ ነበር። ኳስ የተማረው በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲወርድ ሮጬ፣ "የሰው አገር ሜዳ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ሳሩ እርጥብ ነው፤ ያንሸራትታል" አለኝ አቀርቅሮ።

እማማ አሻ አቅፈውት፣ "ቢያሸንፍ ኖሮ የአገር ሁሉ ልጅ ሆኖ ይቀር ነበር፤ አሁን የኔ ነው" አሉ አብሮኝ ለመጣው አባቴ።

አባቴ ሳቀ። እኔ ግን እናት በልጇ መሸነፍ እንዴት ደስ ይላታል እያልኩ ሰነበትኩ።

ትናንት የልጅ ልጄን ስንሸኝ ሁሉም "አሸንፈህ ና" አሉት። እኔ የትኛውን እንደምመኝለት ጨነቀኝ።