ካውያ ያቃጠለው ሶፋ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ወንበር ልትዋስ መጣች። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ በሬን አንኳኩቶ ዕቃ የተዋሰኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ። ቤታቸው ሽማግሌ ሊመጣ ነው አለችኝ። አራት ወንበርና ትልቁን ቴርሞስ ሰጠኋት። "እንግዳ ቤታችንን ባዶ እንዳያየው ብለን ነው" ብላ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል እማማ ዘውዴ ትዝ አሉኝ።

ኮሌጅ እንደጨረስኩ ለአንድ ክረምት ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ ቀበሌ ውስጥ ሠርቼ ነበር። ቀበሌው ለአቅመ ደካሞች በየወሩ ስንዴና ዘይት ይሰጣል። በዚያ ክረምት ከላይ በጀት ተቀንሷል ተባለና ከተረጂዎቹ ግማሾቹ እንዲወጡ ታዘዘ። የእኔ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርኩ ማን ምን እንዳለው መመዝገብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወደድኩት። የሰው ቤት ማየት ነፍሴ ነው፤ አልጋው የት እንደቆመ፣ ግድግዳው ላይ የማን ፎቶ እንዳለ፣ ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚንተከተክ ካላወቅሁ አይሆንልኝም። እናቴ ወሬኛ ትለኝ ነበር።

እማማ ዘውዴ እግራቸውን የሚያማቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የጫማዬን ጭቃ በር ላይ ጠርጌ ስገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ነጭ ዳንቴል የለበሰ ቡናማ ሶፋ፣ ቴፕ፣ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ብርጭቆዎች! ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሻይ በትኩስ ዳቦ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ቅጹ ላይ "ሶፋ አለ፣ ቴፕ አለ" ብዬ ጻፍኩ። የሶፋው መደገፊያ ላይ ካውያ ያቃጠለው ምልክት ነበር። በምን ተቃጠለ ብዬ ልጠይቅ ስል ሌላ ዳቦ ጨመሩልኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ የሹራቤን ቁልፍ ላስተክል የእሳቸው የግድግዳ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ጋ ጎራ አልኩ። ያ ሶፋ ከነቃጠሎው እዚያ ቁጭ ብሏል። የእርስዎ ነው ወይ ብላቸው አዎ አሉኝ፤ እማማ ዘውዴ የመንግሥት እንግዳ ሊመጣብኝ ነው ብለው ለምነዋቸው፣ ጋሽ ሰይድ ተሸክመው አስገብተውላቸው ነበር። ቴፑ የባለሱቁ፣ ብርጭቆዎቹ ደግሞ የማኅበር ናቸው።

ሮጬ እማማ ዘውዴ ቤት ገባሁ። አንድ መደብና አንድ ዱካ ብቻ።

"ምነው እማማ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?" አልኳቸው።

"ታዲያ የመጣን ሰው ምን ላይ ላስቀምጥ፣ ልጄ?"

ለምን እንደመጣሁ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም ነበር። በሶፋው ምክንያት ስንዴው ሊቀርባቸው እንደሆነ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። በኋላ ቀስ ብለው፣ "ዳቦው ግን የተዋስኩት አይደለም። በዚያው ስንዴ ነው የጋገርኩት" አሉኝ። እፍረት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደክሞት ነበር እንጂ። የነገርኩትን ሁሉ ከሰማ በኋላ ዝርዝሩን ሳበ።

"እሳቸውን እመልሳለሁ። ቁጥሩ ግን አይጨምርም። በሳቸው ቦታ ማን ይውጣ?"

ጥቂት ጠበቀኝና እሱው አንድ ስም ላይ መስመር አሰመረ። እጁ ስሙን ጋርዶታል። አንገቴን ትንሽ ባሰግግ አየው ነበር፤ እኔ ግን በመስኮቱ ዝናቡን ማየት ጀመርኩ።

እማማ ዘውዴ ስንዴያቸውን ማግኘት ቀጠሉ።

ትናንት ልጅቷ ወንበሮቹን ስትመልስ በጥያቄ አጣደፍኳት። ሽማግሌዎቹ ስንት ነበሩ? ምን አሉ? አባትሽስ? ምን በሉ? ሳቀችብኝ። አመሌ ነው፣ አልለቀቀኝም። ያን ቀን የተሰረዘውን ስም ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ። የማንም ይሁን፣ ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት ቤቶች ያልገባሁበት የለምና፣ እዚያም ቤት ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ።