የአራተኛ ክፍሎች የደራሽ ፊልም

ታብሌቶቹ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት በኅዳር ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ትንሽ ጋብ በሚልበት ጊዜ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከጣርማ በር ወዲያ፣ ብርድ አገር ነው። እዚህ ቆላ ተመድቤ የማስተምረው ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚሉትን ትምህርት ነበር፤ ሥዕሉን፣ መዝሙሩን፣ ድራማውን። ለዚህ ነው ዳይሬክተራችን የስልጠና ጥሪ ሲደርሰው «የፈጠራ ነገር ነው ይላል፤ አንቺ ሂጂበት» ያለኝ። ደብረ ብርሃን ወጣሁ።

ስልጠናው ላይ ያሳዩን ነገር በእውነት ደስ ይላል። ልጆች ከጭቃ ሰውና እንስሳ ይሠራሉ። ፎቶ ያነሱታል፤ ጥቂት ገፋ ያደርጉትና እንደገና ያነሱታል። ፎቶዎቹ በፍጥነት ሲከታተሉ ጭቃው ይራመዳል። በላዩ ላይ ልጆቹ ድምፃቸውን ይጨምሩበታል። አሰልጣኙ አንዲት የጭቃ ዶሮ እህል ስትለቅም ሲያሳየን ትልልቁ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዷን ታብሌት ከበው የሚሻሙት ልጆች ብዙ ናቸው። መብራት ሲኖር ቻርጅ እናደርጋለን፤ ሲጠፋ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ታብሌቶቹ የሚያድሩት በቆርቆሮ በተሠራው ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉ ያለው ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው። የተሠራውን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ደግሞ አይቻልም፤ ተቆልፎ ነው የመጣው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት የበላዮቹ ናቸው። ልጆቹን ግን ይህ ሁሉ አላሳሰባቸውም። የኩይሳ አፈር ቆፍረው በፌስታል ተሸክመው መጡ። አቦኩት። የጭቃዎቹ ፍየሎች በሙቀቱ ቶሎ እየደረቁ እግራቸው ሲሰበር በምራቃቸው እየለጠፉ ሠሩ።

«የምን ታሪክ እንሥራ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ተመካክረው እንደመጡ ሁሉ በአንድ አፍ «ደራሽ!» አሉ።

ደራሽ ለቆላ ልጅ ተረት አይደለም። በክረምት እታች ሰማዩ ጠርቶ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትወርድ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በሮቢ ወንዝ ተግተልትሎ ይመጣል። ከላይ በኩል ያለ ሰው ቀድሞ ያየዋል፤ ያየ ይጮኻል፤ ከሱ በታች ያለው ጩኸቱን ተቀብሎ ያሳልፋል። ጩኸቱ ከውሃው ቀድሞ ከደረሰ ሰው ይተርፋል። የልጆቹ ታሪክ ይኸው ነበር። የጭቃ ሴት ከጭቃ ፍየሎቿ ጋር ወንዝ ትሻገራለች፤ ከሰማያዊ ፌስታል የተቆረጠ ውሃ ይመጣባታል፤ አንድ ሰው ይጮኽላታል፤ ትወጣለች።

ሥራው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ እጅ የነበራት አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ስጠይቃት መልሱን እያወቀች የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ታደርግና ዝም ትላለች። ፍየሎቹን ግን የምታንቀሳቅሳቸው እሷ ነበረች። ሌሎቹ ልጆች ብዙ ይገፏቸውና ፍየሏ ትዘላለች፤ የሷ ፍየል ግን በእውነት ትሄዳለች፤ ውሃው ዳር ስትደርስ እንኳ ቆም ብላ ታመነታለች። «እንዴት አወቅሽው?» ብላት «ፍየል እንዲህ ናት» ብቻ አለችኝ።

ሥዕሉ አለቀና ጩኸቱ ቀረን። ልጆቹ ተራ በተራ ሞከሩ። አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይስቃል፤ የሚጮኸውም ራሱ ይስቃል። የኳስ ሜዳ ጩኸት እንጂ የደራሽ ጩኸት ሊሆን አልቻለም። ያን ጊዜ ያቺ ልጅ «ቲቸር፣ እናቴ ትችላለች» አለች።

እናትየው በማግስቱ መጣች። የሰው ሽንኩርት እየለቀመች ነበርና እጇ ላይ አፈሩ ደርቋል። በዕድሜ የኔ እኩያ ናት። ታብሌቱን አገላብጣ አየችው።

«እዚህ ላይ ነው የምጮኸው?»

«አዎ፣ ወንዝ ዳር እንዳለሽ አድርገሽ።»

«ሰው ይደነግጣል እኮ እህቴ።»

«ግዴለም፤ ክፍል ውስጥ ነን» አልኳት።

ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ የወጣው ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አልገመትኩም። «ኧረ ደራሽ! ደራሽ ነው፣ ውጡ! ከብቱን ተዉት፣ ነፍሳችሁን!» የጎረቤት ክፍል ልጆች በር ገነጠሉ። ዳይሬክተሩ ብዕር እንደያዘ ወጣ። ዘበኛችን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን ጥለው ወደ ዳገቱ ሩጫ ጀመሩ። ከአጥሩ ባሻገር ማሾ የሚያርሙ ሰዎች ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። በበጋ!

እናትየው ያደረገችውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘችና ሳቀች። ስቃ ስቃ ጉልበቷን ይዛ ቁጭ አለች። «ወላሂ ነግሬሽ ነበር! ነግሬሽ ነበር እህቴ!» ልጅቷም ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ታብሌቱ ይህን ሁሉ ቀድቶታል። ጩኸቱን ብቻ ይዘን ሳቁን እንቁረጠው ብላቸው ልጆቹ እምቢ አሉ። ስለዚህ ፊልሙ የሚያልቀው የጭቃዋ ሴት ከነፍየሎቿ ዳገቱ ላይ ቆማ፣ ያ ሳቅ እየተሰማ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ እናትየው በጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ንጹሕ ልብስ ለብሳለች።

«ልሄድ ነው» አለች።

«ወዴት?»

«ዐረብ አገር።»

«በምን በኩል?»

ሻሿን አጠበቀች። በደላላ መንገድ እንደሆነ ገባኝ። በዚያ መንገድ ሄደው ወሬያቸው የቀረ የኛው ቀበሌ ልጆች አሉ፤ ስማቸው ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ተይ እባክሽ» አልኳት። «በረሃው አለ፣ ባሕሩ አለ። ይቺን ልጅ ለማን ጥለሽ?»

«ለእናቴ። ላንቺም።» ወደ ወንዙ በኩል በአገጯ አሳየችኝ። «ዓምና የተከራየነውን መሬት ከነሽንኩርቱ ወሰደው፤ ታውቂያለሽ። ዘንድሮም ቢወስደውስ? አባቷ የለ። ለሰው ስለቅም ልኑር?»

መምህር ነኝ፤ ጠመኔ ነው ያለኝ። ሌላ ሥራ አገኝልሻለሁ ብዬ የምዋሽበት አንደበትም አላገኘሁ። «አላህ ያድርስሽ» አልኳት፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነበር። ጉንጬን ስማኝ «ልጄን አደራ» ብላ በሩ ላይ ሲጠብቃት የነበረው ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ልጅቷ ትምህርት አልቀረችም። ግን በዕረፍት ሰዓት መውጣት ተወች። ጠረጴዛዬ አጠገብ ትመጣና ትቆማለች።

«ቲቸር፣ ፊልሙን ልየው?»

ዳይሬክተሩን ቁልፍ ለምኜ አመጣላታለሁ። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ጩኸቱ ላይ ድምፁን ትቀንሰዋለች፤ ሳቁ ላይ ጆሮዋን ታብሌቱ ላይ ትለጥፋለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጆቹ እንዳያበሽቋት ፈርቼ ነበር። አላበሸቋትም። የዚያች ታብሌት ባትሪ እንዳያልቅ እርስ በርስ «እሱን ተወው፣ የሷ ነው» ሲባባሉ እሰማ ነበር። ከእናትየው አንድም ወሬ አልመጣም። በየካቲት የለም፤ በመጋቢት የለም። አብረዋት የሄዱት ሴቶች ቤተሰቦችም አልሰሙም። አያቲቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የት ነው የሚጠየቅ?» ይሉኛል። ወረዳ ሄጄ ጠየቅሁ። «በሕጋዊ መንገድ ነው የሄደችው?» አሉኝ። አይደለም ስል ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ግንቦት ገባ። የቆላ ግንቦት ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ሰኞ ዳይሬክተሩ ዕቃ ቤቱን ሲከፍት የአንዳንዶቹ ታብሌቶች ጀርባ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ አገኘው። ደነገጠ፤ ይፈነዳል፣ እሳት ይነሳል ብሎ። አልፈርድበትም፤ ትምህርት ቤቱ ቢቃጠል ተጠያቂው እሱ ነው። ወዲያው ለበላዮቹ ደወለ፤ በዚያው ቀን መኪና መጣ፤ የተነፋውንም ያልተነፋውንም ሰብስቦ ሄደ። እኔ ያን ሰዓት ሌላ ክፍል ነበርኩ። ስወጣ አቧራው ብቻ ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ «በስልክሽ አትቀጂውም ነበር?» ይለኛል። በየቀኑ ከእጃችን የማይጠፋውን ነገር ነገ ይጠፋል ብሎ ማን ይቀዳል?

ለልጅቷ «ለጥገና ነው፤ ይመለሳል» አልኳት። ራሴም አምኜ ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ ደብረ ብርሃን ወጣሁና ታብሌቶቹ ያሉበትን ቢሮ ፈልጌ ገባሁ። አንድ ትሁት ወጣት ባለሙያ ተቀበለኝ። መደርደሪያው ላይ ደርድሯቸዋል፤ ባትሪያቸው ተቀይሯል፤ መስታወታቸው ተወልውሏል።

«እንደ አዲስ አድርገናቸዋል» አለኝ ደስ ብሎት። «በመስከረም ትወስዷቸዋላችሁ።»

«ውስጣቸው የነበረውስ?»

«ምንም የለባቸውም፤ ሁሉንም አጥፍተን ነው ያጸዳናቸው። በጣም ተጨናንቀው ነበር።»

«መመለስ አይቻልም?»

ፊቴን አየና ፈገግታው ቀነሰ። «አይቻልም መምህርት። ምን ነበረባቸው? የፈተና ውጤት ነው?»

«የልጆች ሥራ ነበር።»

«እሱማ ድጋሚ ይሠሩታል» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው። ምን ብዬ ላስረዳው? ያደረገው የታዘዘውን ነው፤ ደግሞም በደንብ ነው ያደረገው። አመስግኜው ወጣሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወርዶ ሾፌራችን በቀን መብራት አብርቶ ነበር። ከደብረ ሲና ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። መንገዱን ሙሉ ለልጅቷ የምላትን ነገር እያሰብኩ ሮቢት ደረስኩ።

ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ በረንዳ ላይ ከአያቷ ጋር ማሾ ትለቅማለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት።

«ጠፋ?» አለች።

«ጠፋ።»

«ሳቋም?»

«ሳቋም።»

ጠጠሩን ለይታ ጣለች። ማሾውን መልቀሟን ቀጠለች። ብታለቅስ አቅፋት ነበር፤ አላለቀሰችም፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አያቲቱ ምን እንደጠፋ ጠየቁኝ። ስነግራቸው «እሷ በሕይወት ትኑር እንጂ የኔ ልጅ፣ ድምፅስ ይገኛል» አሉ። ይህን ሲሉ ግን የለቀሙትን ማሾ መልሰው ካልተለቀመው ጋር ቀላቀሉት።

በጥቅምት ታብሌቶቹ መጡ። ልጆቹ አሁን አምስተኛ ክፍል ናቸው፤ እኔው ነኝ የማስተምራቸው። «ደራሽን እንደገና እንሥራው» አሉ፤ ኩይሳውን ቆፍረው አመጡ። ጩኸቱን ለማን እንስጥ ሲባል ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። እሷ ሻሿን ወደ አፏ አደረገች። «ሌላ እንሥራ» አልኳቸው ቶሎ ብዬ፤ የጅብና የአህያ ተረት ሠሩ። ጥሩ ነው፤ እንግዶች መጥተው አይተውት ወደውታል፤ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንድናገር ተጋበዝኩ። እዚያ ቆሜ ልጆች በቴክኖሎጂ እንዴት በራስ መተማመን እንደሚያዳብሩ ተናገርኩ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ከአፌ ሲወጣ ግን የሌላ ሰው ንግግር የማነብ ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ ያን ጅብ አንቀሳቅሺው ብላት እምቢ አላለችም። ገፋችው፤ ጅቡ ሄደ። እንደ ፍየሎቹ ግን አላመነታም።

ከዚያ በኋላ፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ እናትየው ደወለች። በሕይወት አለች። የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስለነበረች አልደረሰችበትም፤ በሁለተኛው አገኘቻት። በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት መጥታ ነገረችኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ምን አለችሽ?»

«ብዙ አላወራችም ቲቸር። የሰው ቤት ናት። እንዳይሰሟት በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ አልሳቀችም።»

«ደኅና ናት ግን?»

«ደኅና ነኝ ትላለች።»

«መቼ ትመጣለች?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ሌሎቹ ልጆች ታብሌቱን ይዘው «ቲቸር፣ ተቆልፏል፣ አልከፈትም አለ!» እያሉ እየተጋፉ መጡ። ተቀብዬ ሞከርኩት፤ ለኔም አልተከፈተም። እሷ አጠገቤ ቆማ መስታወቱን አብራን አየች፤ ደወሉ ሲደወል ከነሱ ጋር ወደ ክፍል ገባች።