ዛፍ መልማይ

እኔ ዛፍ መልማይ ነበርሁ። ጣራ ላይ ያጋደለ ቅርንጫፍ ወይም ነፋስ የሰነጠቀው ጽድ ሲኖር እኔ ወጥቼ እቆርጣለሁ፤ የሚስቴ ወንድም ከታች ገመድ ይይዝልኛል። ገመድ ያዥ የሌለው መልማይ ሬሳ ነው።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ሲመሽግ፣ አርበኛ እንዳይሸሸግበት በዙሪያው ያለውን ዛፍ መልምል ተባልሁ። እምቢ ማለት ጅራፍ ነው። አንድ አፉ የማያርፍ የጣልያን አስተርጓሚ ግን ገበያ መሐል በጣቱ እየጠቆመኝ፣ "ይኼ የመንግሥት መልማይ ነው፤ መንገድ ልቀቁለት!" ብሎ ጮኸ። ዛፍ የምትለዋን ቃል ዋጣት! በዚያን ጊዜ ለባንዳነት ሰው የሚያሰባስበውም መልማይ ይባል ነበር። ገበያተኛው ልጆቹን እየጎተተ ሸሸኝ።

በማግሥቱ የሚስቴ ወንድም ገመዱን ደጄ ላይ ወረወረው።

"አያ መልማይ፣ ዛሬስ ማንን ልትመለምል ነው?"

"አብረኸኝ ስትሠራ ዓይን አልነበረህም?"

"እኔማ አይቻለሁ። ጫካ ያሉት ግን የሰሙት የገበያውን ነው። ይህን ገመድ ይዤ ካገኙኝ በሱው ይሰቅሉኛል።"

እውነቱን ነበር፤ እኔንም ያነደደኝ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ብለምን ሁሉም ፊቱን አዞረ። ጅራፉ ስለማይቀር ወገቤን ከግንዱ አስሬ ብቻዬን ወጣሁ። ቅርንጫፉ ሲገነጠል እግሬን ሰብሮ ወረደ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ጎልምሼ ፊደል ቆጠርሁ። መጀመሪያ በራፌ ላይ "ዛፍ መልማይ" ብዬ ጻፍሁ፤ ዛፍ የሚለውን አግዝፌ። ምን ያደርጋል፣ ገበያው ማንበብ አይችልም።