እንጥል የሌለው ጉሮሮ

መንዝ ውስጥ በተመደብኩበት ሆስፒታል ሰመመን ሰጪዋ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥራው የሚጀምረው መድኃኒት ከመስጠት በፊት ነው። በሽተኛው ከተኛ በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያስቸግር እንደሆነ አልጋው ጎን ቆሜ መገመት አለብኝ። አፍ አስከፍታለሁ፣ ምላስ አስወጣለሁ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና እንዲያደርጉ እነግራቸዋለሁ፣ ከአገጭ እስከ ማንቁርት ያለውን በጣቴ እለካለሁ። የሚከብደኝ ምላስ ማስወጣቱ ነበር። እኛ አገር ምላስ የሚወጣው ለስድብ ነው፤ ታላቅ ሰው ፊት ቆሜ ይህን ስጠይቅ አፍራለሁ።

አንድ የክረምት ጠዋት ከጓሳ ወዲያ ያሉ አዛውንት በቃሬዛ መጡ። አንጀታቸው ታጥፎ ሆዳቸው ተነፍቷል። ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ግድ ነበር። ካስተኛኋቸው በኋላ ቱቦው እንቢ ካለኝ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ታፍነው ይሞታሉ። ወደ ደብረ ብርሃን ብንልካቸው ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንጀቱም አይጠብቅም። ዶክተሩ «አንቺ ወስኚ» ብሎኝ ሊታጠብ ገባ።

«አባባ፣ አፍዎን ከፍተው ምላስዎን ያውጡልኝ።» ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት።

«ምን አለች?» አሉ እግራቸው ሥር ወደቆመችው ምራታቸው እያዩ።

«ምላስዎን ያውጡ ነው የምትልዎ።»

«አንቺ ፊት? ሆዴን አልኩ እንጂ አፌን ታመምኩ አልኩ?»

«ፊቴን አዞርልዎታለሁ። እኛን ሲቆጡበት መች ይሰስቱት ነበር!» ብላ ዞረች።

አወጡት። በባትሪ አየሁ። ላንቃቸው ይታያል፤ ከመሃሉ መንጠልጠል የነበረበት እንጥል ግን የለም። በተማርነው መሠረት እንጥሉ የማይታይ ጉሮሮ ከአስቸጋሪዎቹ ይመደባል። «ይላኩ» ልል ወደ ዶክተሩ ስሄድ በሩ ላይ ቆምኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አፍ ለአፍ እየተያየን ስንለማመድ የእኔንም እንጥል ያገኘ አልነበረም። «አንቺን የሚያስተኛ ወዮለት!» ብላ ጓደኛዬ ከአስቸጋሪዎቹ መድባኝ ነበር። የእኔ በሕፃንነቴ ተቆርጧል። በአገራችን ጉሮሮው ያበጠ ልጅ ይቆረጥለታል። የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ አለመታየቱ የጉሮሮውን ጥበት አያሳይም።

ተመለስኩ። «አባባ፣ እንጥልዎ ተቆርጧል?»

«ያልተቆረጠ ማን አለ? ያንቺስ?»

«የኔም ተቆርጧል።»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

እንደገና አስከፈትኳቸው። በእንጥሉ መመዘን ካልቻልኩ ሌላውን ማየት ነበረብኝ። ከምላሳቸው ወዲያ የጉሮሮው የኋላ ግድግዳ በሰፊው ይታያል። አፋቸው ሦስት ጣት ያስገባል። አገጫቸው አጭር አይደለም። ራሳቸውን ቀና ሲያደርጉ ግን አንገታቸውን ያዝ ያደርጋቸዋል፤ ይህ አልተመቸኝም። ቀጭን ቱቦ ጨምሬ አዘጋጀሁና ለዶክተሩ «እዚሁ እንሥራ» አልኩት።

መድኃኒቱ ሲገባ ዓይናቸው ተከደነ። አጠገቤ የቆመችው ነርስ ከሆዳቸው ወደ ላይ እንዳይመለስ ማንቁርታቸውን ተጭና ያዘችልኝ። መብራት ባለው ማንሻ ብረት ምላሳቸውን ሳነሳ መጀመሪያ የታየኝ ሥጋ ብቻ ነበር። ከራሳቸው ሥር የታጠፈ አንሶላ ጨምሬ ደገምኩ፤ የመተንፈሻው በር ግማሹ ታየኝ። ቀጭኑን ቱቦ አሳለፍኩት።

ዶክተሩ ቢላዋውን ይዞ ቆሟል። «ልጀምር?»

«ቆይ፣ ዶክተር።»

ቱቦው ቦታውን መያዙን ለማወቅ የቀኝ ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ከዚያ የግራውን። አየር ይገባል። አላመንኩም፤ እንደገና ቀኙን አዳመጥኩ።

«ጀምር» አልኩት።