ተመላሽ ወተት

መጀመሪያ ያየሁት ሁለት እርጥብ ክቦችን ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካው አዳራሽ፣ እኔ የሸሚዝ ቁልፍ ከምፈትሽበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት አንዲት ሴት የሱሪ ዚፕ ትሰፋለች። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ጋውኗ ደረቷ ላይ ግራና ቀኝ ይረጥባል። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፤ እሷም ከማሽኑ ቀና አትልም። ገላዋ ግን ቤት የተኛው ልጅ የሚርብበትን ደቂቃ ያውቀዋል። 

ሠራተኛው «ዚፕ» ይላታል። ስለ ሥራዋ ብቻ አይደለም፤ አፏም ግጥም ያለ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የጨርቅ ጥቅልሎች ጀርባ ተቀምጣ፣ ቀቅላ ባመጣችው ጠርሙስ ወተቷን በእጇ ታልባለች። ሰው እንዳይመጣባት ቆሜ እጠብቅላት ጀመር፤ ቀስ በቀስም ተናገረች።

«የመጀመሪያዋን በጣሳ ወተት ነው ያሳደግኋት። ውሃው ይሁን ጡጦው እንጃ፣ ተቅማጥ ሁለቴ ሆስፒታል አስተኛት። ይሄኛው አራት ወሩ ነው፤ አንድም ቀን ሆዱን አላመመውም። እስከ ስድስት ወር ውሃም እንዳትሰጪው ብላኛለች የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ሁለት ወር ቀረኝ።»

«ላንቺስ ምን ይጠቅምሻል?»

«ለእኔማ እንቅልፍ ማጣት ነው።» ፈገግ ልትል ሞከረች። «እንደተወለደ ስላጠባሁት የወሊዱ ደም ቶሎ ቀነሰልኝ። ልጅ ሲጠባ ማሕፀን ይሰበሰባል አሉ። ታላቅ እህቴ ደግሞ የጡት ካንሰር ይዟት ትታከማለች። ማጥባት ዕድሉን ይቀንሰዋል ብላኛለች ነርሷ፤ አያጠፋውም፣ ይቀንሰዋል። እኔ የሚቀንስ ነገር ካገኘሁ አልንቅም።»

ቤቷ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ የምሳ እረፍቱ ሠላሳ። ስለዚህ አማቷ ሕፃኑን የሌሊት ሠራተኛ ከሆነው አባቱ ጎን አስተኝተው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ መጥተው ጠርሙሱን ከበር ይወስዳሉ። «ጣሳው ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ምን ያንከራትተናል?» ይሏታል። «አጥንትሽ ብቻ ቀረ እኮ፣ ልጄ።»  ወተቱ አንድ ቀን ካልደረሰ ጣሳው እንደሚከፈት ዚፕ ታውቃለች።

በዚያ ሰሞን የማሽን ዘይት በጠርሙስ እየተሰረቀ ሲወጣ ተያዘ። ፈሳሽ ያለ ወረቀት አይወጣም ተባለ። የመጋዘኑ ጸሐፊ የመውጫ ወረቀቱን ሞላላት፦ ዓይነት፣ ወተት፤ ብዛት፣ አንድ ጠርሙስ። ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፤ «የተሸጠ» እና «ተመላሽ»። እንዳልተሸጠ እርግጠኛ ስለነበር «ተመላሽ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዘን በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው መዝገቡን ገለጠ።

«የትናንቱ አልተመለሰም።»

«ምኑ?»

«ወተቱ። ተመላሽ ይላል።»

«ጋሼ፣ ልጁ ጠጥቶታል።»

«እሱን አላውቅም። የማውቀው የተጻፈውን ነው።»

ዚፕ ግንባሯን የብረት በሩ ላይ አስደገፈች። «እሺ፣ ነገ ከነሽንት ጨርቁ አመጣልዎታለሁ።»

በሩ አካባቢ የቆሙት ሳቁ። ዘበኛው አልሳቀም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በዘይቱ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ለእሱ ነበር፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ዘይት አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ።

አማቷ ከውጭ ሆነው በብረቱ ቀዳዳ አዩት። «አንተን እናትህ ግሪስ ነው ያጠባችህ?»

ደወሉ ተደወለ። ጠርሙሱ አልወጣም። አሮጊቷ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ዚፕ ሦስት ዚፖች ገልብጣ ሰፍታ ፈታች። ማታ ስትወጣ፣ በሙቀቱ ውሎ የተበላሸውን ወተት ቧንቧው ሥር ደፋችው። ሲፈስ አላየችውም፤ ወደ ጎን ዞራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አማቷ ሕፃኑን አዝለው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ትናንት ጣሳውን አንሥቼ ነበር» አሏት። «ደግሞ መልሼ አስቀመጥኩት። ጠዋት አልበሽ የተውሽውን ወተት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኑሬ በትንሽ በትንሹ ሰጠሁት። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ግን ይሄ ሰውዬ አሸንፎን እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሩ። «ፈሳሽ አይወጣም ብለሃል። ልጅ አይገባም የሚል ተጽፏል?»

ዘበኛው መመሪያውን አገላበጠ። አልተጻፈም። «ጎብኚ እስከ ዘበኛ ቤት መግባት ይችላል ነው የሚለው፣ እናቴ።»

«ጎብኚ ነው። መዝግበው።»

ዘበኛው ብዕሩን ይዞ ትንሽ አሰበና ጻፈ፦ ጎብኚ፣ አንድ ሕፃን። ምክንያት፣ ምሳ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀላትና ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶ።

ሕፃኑ ጡቱን ሲይዝ የመዋጥ ድምፁ ጠባቧን ክፍል ሞላት። የዚፕ ትከሻዎች ወረዱ። እስከዚያ ቀን ተሰቅለው እንደኖሩ ያወቅሁት ሲወርዱ ነው። ዓይኗን ጨፈነች፤ የተኛች መሰለኝ፤ እጇ ግን የልጁን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርግ ነበር።

«ነገም ይመጣሉ?» አልኳቸው አማቷን።

«ሁለት ወር አይደል የቀረው?» ጉልበታቸውን አሹ። «ይሄም እስከዚያ ከቆየልኝ።»

ደወሉ ሲደወል ልጁን መልሳ አሳዘለቻቸውና የጋውኗን ቁልፎች አንድ በአንድ ዘጋች። የምሳ ዕቃዋን ይዤላት ቆሜያለሁ፤ አልተከፈተም።

«ምንም አልበላሽም እኮ» አልኳት።

«እሱ በልቷል» አለችና ዕቃውን ከእጄ ሳትቀበል፣ እግሯን እየጎተተች ወደ ማሽኖቹ ጩኸት ሄደች።