ጋሽ ላምቤቦ የሶዲየም ኤሌክትሮን የሆኑ ዕለት

ዛሬ ጠዋት የዩኒቨርሲቲያችንን ኳስ ሜዳ በኖራ ሲያሰምሩ፣ የረጠበው ኖራ ሽታ እኔን የአንደኛ ዓመቱን ተማሪ ከመንገዴ አቁሞ ሆሳዕና፣ ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩበት ግቢ ድረስ ወሰደኝ። የኬሚስትሪ መምህራችን ከጎጃም የመጣች፣ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ያለች ወጣት ነበረች፤ መጽሐፍ ስለማይበቃን ሣሩ ላይ በኖራ ክብ በክብ እየሣለች፣ እኛኑ ኤሌክትሮን አድርጋ አቶምን ታስተምረን ነበር።

ኢንስፔክተሩ ከአውራጃ በመጣ ዕለት፣ በሥራዋ መቀጠሏ በእሱ ሪፖርት እንደሚወሰን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ዩኒፎርማችንን አጥበንና ተኩሰን ሶዲየምን ሠራን። እኔ ኒውክለስ ሆኜ መሃል ቆምኩ፤ በመጀመሪያው ክብ ሁለት፣ በሁለተኛው ስምንት ልጆች ተቀመጡ። በሦስተኛው ክብ ብቻቸውን የሚቀመጡት ጋሽ ላምቤቦ ግን የሉም። እሳቸው የልጆች አባት ሆነው ከእኛ ጋር የሚማሩ ገበሬ ነበሩ፤ ያን ዕለት ላማቸው ወልዳ አርፍደው፣ ሱሪያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እያለከለኩ ደረሱ።

ታላቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቆየት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ለዚያውም እሳቸው ዳር ላይ ብቻቸውን ሊቀመጡ! አሥሩም ኤሌክትሮኖች ብድግ አሉ።

"ኖር ጋሼ! ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ!" አለች ማርታ፣ የመጀመሪያውን ክብ ለቅቃ እየወጣች።

"በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ ልጆቼ! የኔ ቦታ ዳር ነው" ቢሉ ማን ሰምቷቸው፤ እየጎተቱ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጧቸው።

ኢንስፔክተሩ ፊቱን አጨፈገገ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጓድ መምህርት?"

መምህራችን ከውስጠኛው ክብ ወደ ውጭ የወጣችውን ማርታን እያሳየች፣ "ኤሌክትሮን ጉልበት ሲያገኝ እንዲህ ወደ ውጭኛው ምህዋር ይዘላል" አለች፤ "ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ጉልበት ብርሃን አድርጎ ያወጣዋል። ልጆች፣ ወደየቦታችሁ!"

እየተጋፋንና እየተንከተከትን ተመለስን።

"ብርሃኑስ የታለ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ጥርሳቸውን አያዩም እንዴ፣ ጓድ?" አሉ ጋሽ ላምቤቦ ከዳር ሆነው። ያ ኮስታራ ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሪፖርቱ ከጠበቅነው በላይ አማረ፤ እንዲህ ያለች መምህርት ለትልቅ ከተማ ናት ተብሎም በዓመቱ መጨረሻ ተዛወረች። እንዳትባረር ብለን ስንጨነቅ፣ ምስጋናው ራሱ ይወስዳታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪን አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ከሰሌዳ እየገለበጥን ተማርን፤ ቦታውን የሳተ አልነበረም፣ የሳቀም አልነበረም።